ጋላባትን ተሻግሮ የመጣ ዘፈን

ስለ መተማ የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት ይጀምራል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ከማህዲስቶች ጋር፣ እኛ ደርቡሽ ከምንላቸው ጋር ማለት ነው፣ ሲዋጉ ቆሰሉ። በማግስቱ አረፉ። ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ድንበሩ ተሰመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 እንግሊዞች ጋላባትንና መተማን ከጣሊያን እጅ ለማስለቀቅ ተዋጉ። ከቅርቡ ደግሞ የአል ፋሽጋ የእርሻ መሬት ግጭት አለ። የመተማ ልጅ ስለ ትውልድ ቦታው ለማወቅ መጽሐፍ ቢገልጥ ጥይት፣ ገለጥ ቢያደርግ ጥይት፣ አሁንም ጥይት ነው።

ይኼ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው፣ ስለ ድንበሩ ስጠየቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ ዘፈን ነው። ያውም የጃፓን ካርቱን መግቢያ ዘፈን፣ በዓረብኛ የተዘፈነ።

መሳቅ ይቻላል። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት፣ በሚያዝያ ሙቀቱ ሰው የሚያዞርበት የቆላ ከተማ ከቶኪዮ ስቱዲዮ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ግን ቀልድ አይደለም። ዘፈኑ እኛ ጋ ለመድረስ ቢያንስ ሦስት ከተማ አልፏል፣ በየከተማው ሌላ ሰው ድምፁን ሰጥቶታል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለነውን ልጆች አንድ ያደረገን እሱ ነበር። ያንን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ቶኪዮ፦ 90 ሰከንድ

ጃፓኖች ለአኒሜ የሚሠራን ዘፈን "አኒሶን" ይሉታል። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰማው ርዝመት የታወቀ ነው፣ 90 ሰከንድ ገደማ። በዚያች ጊዜ ውስጥ የጀግናውን ስም መጥራት፣ ጠላቱን ማስፈራራት፣ ውጭ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ጠርቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ማስቀመጥ አለበት። የሰፈር ጥሩንባ ነው በሉት።

ይህን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን የያዙ ዘፋኞች አሉ። ኢቺሮ ሚዙኪ እ.ኤ.አ. በ1972 የ"ማዚንገር ዜድ"ን መግቢያ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ ታኅሣሥ 2022 ድረስ የአኒሶን "ታላቅ ወንድም" ነበር፤ ጃፓኖች በእርግጥም "አኒኪ" ይሉት ነበር፣ ትርጉሙ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ዘፈን መድረክ ላይ ዘፍኗል። ሚትሱኮ ሆሪዬ ሥራውን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሆና ነው።

ለእኛ ታሪክ የሚያስፈልገን ግን ኢሳኦ ሳሳኪ ነው። ሳሳኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀምር ካርቱን የሚባል ነገር አላሰበም። ሮካቢሊ ዘፋኝ ነበር፣ "የጃፓኑ ኤልቪስ" ይሉት ነበር። ኋላ ያ ወፍራም ድምፁ ለካርቱን ጀግኖች ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1974 የ"ያማቶ"ን የጠፈር መርከብ ዘፈን፣ በ1975 ደግሞ የ"ዩፎ ሮቦ ግሬንዳይዘር"ን ዘፈነ። የግሬንዳይዘርን ዜማ የደረሰው ሹንሱኬ ኪኩቺ ነው። የዶራኤሞንን የ1979 መግቢያ ዜማ የሠራውም እሱ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ግሬንዳይዘር የጎ ናጋይ ፈጠራ ነው። ከጥቅምት 1975 እስከ የካቲት 1977 እ.ኤ.አ. በ74 ክፍል ተላለፈ። ጀግናው ዱክ ፍሊድ የሚባል ልዑል ነው። ጠላት ፕላኔቱን ሲያጠፋበት ከትልቁ ሮቦቱ ጋር አምልጦ ወደ ምድር ይመጣል። አንድ ሳይንቲስት እንደ ልጁ ይቀበለዋል፣ አዲስ ስም ይሰጠዋል፣ ከብት እርባታ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ይሠራል። በኋላ ያው ጠላት ምድርንም ሊወር ሲመጣ፣ ላስጠጋችው አገር ይዋጋል።

ባጭሩ ስደተኛ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

ቤይሩት፦ ዜማው ቀረ፣ ድምፁ ተቀየረ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግሬንዳይዘር ወደ ዓረብኛ የተመለሰው ሊባኖስ ውስጥ ነው። ዘመኑን አስቡት። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1975 ጀምሮ እስከ 1990 ዘለቀ። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ በምትታኮስበት ጊዜ ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው አገሩ ስለጠፋበት ልዑል ይናገሩ ነበር። የዱክ ፍሊድ የዓረብኛ ድምፅ ተዋናዩ ጂሃድ አል አጥራሽ ነው።

መግቢያ ዘፈኑን የዘፈነው ሳሚ ክላርክ ይባላል። ክላርክ ሊባኖሳዊ ነው፣ በብዙ ቋንቋ የሚዘፍን፣ ኦፔራ የሚመስል ጉሮሮ ያለው ሰው። የኪኩቺን ዜማ እንዳለ ወሰዱት፣ ቃሉን በዓረብኛ ጻፉለት፣ የሳሳኪን ድምፅ አውጥተው የክላርክን አስገቡ። ካርቱኑ ከዚያ ወደ ብዙ የዓረብ አገር ጣቢያዎች ሄደ። ሳሚ ክላርክ የካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ያለቀሱለት ብዙዎቹ፣ ሌላ ዘፈኑን እንኳ የማያውቁ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው "ልጆች" ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተተረጎመበት ዓረብኛ ፉስሓ ነው፣ ማለትም የመጽሐፍና የዜና ቋንቋ። ቤይሩትም፣ ባግዳድም፣ ኦምዱርማንም የገዛ ቤቱ ዓረብኛ አለው፣ አንዱ የሌላውን በደንብ ላይሰማ ይችላል። ፉስሓ ግን የማንም እናት የማትናገረው፣ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚገናኝበት ቋንቋ ነው። ካርቱኑን በሱ መሥራት ለገበያ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሁሉም መሸጥ። ውጤቱ ግን ከገበያ አለፈ። ወደ መተማ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ደማስቆ፦ ዜማውም ተቀየረ

ከኔ ትንሽ የሚያንሱት ግሬንዳይዘርን ላያውቁት ይችላሉ። የእነሱ ዘመን ስፔስቱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደማስቆ ውስጥ "አል ዘህራ" የሚባል የትርጉምና የድምፅ ሥራ ማዕከል ተቋቋመ፣ በሌላ ስሙ ቬነስ ሴንተር። እ.ኤ.አ. በ2000 ስፔስቱን የሚባለው የልጆች ቻናል ተከፈተ፣ ከማዕከሉ የሚወጣውን ሥራ ለሳተላይት ተመልካች አደረሰ። ፕሮግራሞቹን በ"ፕላኔት" የከፋፈለው ቻናል ማለት ነው፦ የስፖርት ፕላኔት፣ የጀብዱ ፕላኔት፣ የሴት ልጆች ፕላኔት እያለ።

የደማስቆ ሰዎች ከቤይሩት በተለየ መንገድ ሄዱ። የጃፓኑን ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሰው ተዉትና አዲስ ዘፈን ከባዶ ሠሩ። ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ደራሲ ጣሪቅ አል ዓረቢ ቱርጋን ነው፤ ቃሉን ይጽፋል፣ ዜማውን ይደርሳል፣ ራሱም ይዘፍናል። ከድምፃውያኑ መካከል ደግሞ ራሻ ሪዝቅ አለች። ራሻ ደማስቆ በሚገኘው የሙዚቃ ከፍተኛ ተቋም የተማረች ናት። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ እ.ኤ.አ. በ2007 በሠራችው "ካራሜል" በሚባለው ፊልም ውስጥም ዘፍናለች። ለአንድ ትውልድ ግን ራሻ ማለት ከትምህርት ቤት ተመልሰው ደብተራቸውን ሳይወረውሩ የሚሰሟት ድምፅ ናት።

የጃፓኑ ዘፈን "ተነስ፣ ምታ፣ አሸንፍ" በሚልበት ቦታ የደማስቆው ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አገር ናፍቆት ያወራል። ታሪኩንም ያርሙት ነበር፣ ስም ይለውጣሉ፣ ለልጅ አይሆንም ያሉትን ይቆርጣሉ። የዮይቺ ታካሃሺ እግር ኳሰኛ ልጅ ጹባሳ በዓረብኛ "ካፒቴን ማጂድ" ሆነ። ማጂድ ለዓረብ ልጆች ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል፤ የጃፓን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራቅ ውስጥ ውኃ በሚያድሉ ቦቴዎቻቸው ላይ የዚህን ልጅ ሥዕል ለጥፈው ነበር። ሰው አይቶ ወዳጅ መሆናቸውን እንዲያውቅ ነው።

ይህ "ስርቆት" ነው የሚሉ አሉ። የሳሳኪ ወይም የሆሪዬ ድምፅ ተደምስሶ በሌላ ሲተካ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ባለቤት ስም እንኳ ሳያውቅ ያድጋል። ቅሬታው እውነት አለው። ግን ሌላም ጎን አለው። የደማስቆ ሰዎች ባይቀይሩት ኖሮ ልጆቹ የሚሰሙት ትርጉሙ የማይገባቸው ድምፅ ይሆን ነበር። ቀየሩት፣ ስለዚህ ቤት ገባ።

መተማ፦ የመጨረሻው ጣቢያ

ኢትዮጵያና ጃፓን ሲባል የሚነገረን ታሪክ የባለሥልጣን ታሪክ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን ሄዱ፣ ተመልሰውም "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን"ን ጻፉ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሜጂን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ያች ጃፓን በአዲስ አበባ በኩል፣ በቤተ መንግሥት፣ በአውሮፕላን ነው የመጣችው።

የኛዋ ጃፓን በቆላ በኩል መጣች። ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ገንዳ ውሃን አልፋችሁ መተማ ዮሐንስ ትደርሳላችሁ። አንድ ድልድይ አለ፣ ከሱ ማዶ ጋላባት ነው፣ ከጋላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ይህ መንገድ ከማንኛውም ካርታ የቆየ ነው። ወደ መካ የሚጓዙ ከዳርፉርና ከዚያም ከምዕራብ የመጡ ተክሩሮች እዚህ ሰፍረው ነበር። የጎንደር ነጋዴ ቡናና ሰም ይዞ ይወርድ ነበር። ባሪያም በዚሁ ገበያ ተሽጧል፣ ያን መደበቅ አይቻልም። ቋንቋ የማይደባለቅበት ቀን አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ግሬንዳይዘርን ያየው ጋላባት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። የሱዳን ቴሌቪዥን ከኦምዱርማን የሚያስተላልፈውን ካርቱን ሰዓት ጠብቀው ከጓደኞቹ ጋር ድልድዩን ይሻገራሉ። ባለ ሻይ ቤቱ የሚጠጣ ካልገዙ ያባርራቸዋል፣ ስለዚህ አራት ሆነው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይገዛሉ። ሥዕሉ ቢጠፋ ዘፈኑ ይሰማል። ከሥዕሉ ይልቅ ዘፈኑን ያወቁት ለዚህ ነው።

በኔ ጊዜ ዲሽ መጣ። ዓረብ ሳትና ናይል ሳት መተማ ጣራ ላይ ሲተከሉ ድልድይ መሻገር ቀረ፣ ካርቱኑ ራሱ ተሻገረ። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸው፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። እነሱ ኳስ ይፈልጋሉ፣ እኛ ስፔስቱን። ቡና የምታፈላው እትዬ ዳኛ ናት፤ "ዘፈኑ እስኪያልቅ ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ከዚያ ወደ ኳሱ" ትላለች። እንዲህ ሆኖ ብዙ ካርቱን መግቢያ ዘፈኑን ብቻ ነው የማውቀው፣ ታሪኩን ዛሬም አልጨረስኩትም።

ስፔስቱን አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም ይታይ ነበር፣ ልዩ ነን ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ የዘፈኑን ድምፅ ይሸመድዳል፣ ትርጉሙን የሚነግረው ጎረቤት የለውም። መተማ ላይ ግን የገበያ ቀን ከሱዳን ከመጣው ነጋዴ ልጅ ጋር አብራችሁ ትዘፍኑታላችሁ። እሱ ቃሉን ያርማችኋል። እናንተ ደግሞ በአማርኛ ብር መቁጠር ታስተምሩታላችሁ።

ፉስሓውን ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይጠቅመናል። ያ የሱዳን ልጅም ቤቱ የሚናገረው ፉስሓ አይደለም። ሁለታችንም ዘፈኑን እንደ እንግዳ ቋንቋ ነው የተማርነው፣ እሱ በትምህርት ቤት አንድ ደረጃ ይቀድመኛል እንጂ። የሰፈሬ ልጅ አንዴ ጋላባት ሱቅ ገብቶ ስኳር ሲጠይቅ ከካርቱን በለመደው ዓረብኛ ተናገረ። ባለ ሱቁ በሳቅ ሞተ፤ ስኳር የሚገዛ ሳይሆን ዜና የሚያነብ ነው የመሰለው። ግን መረቀለት፣ ስኳሩንም ጨመር አደረገለት።

በአገራችን ቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ነበሩ፣ አራት አስርት ዓመት ያህል "ልጆች" ብለው የጠሩን። ተረታቸው በአማርኛ ነው፣ አሁንም ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ። እሳቸው ግን በሳምንት አንዴ ናቸው፣ ካርቱኑ በየቀኑ። ስለዚህ የኛ ትውልድ የተረት አማርኛና የጀብዱ ዓረብኛ ይዞ አደገ። ለግሬንዳይዘር አማርኛ ቃል ጽፎ የሚዘፍን ሳሚ ክላርክ እኛ ሰፈር አልደረሰም።

ለምን ቀለለን? የቅኝት ነገር

ዘፈኖቹ እንግዳ አልመሰሉንም። ለዚህ ሙዚቃዊ ምክንያትም ያለ ይመስለኛል።

የኛ አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ያላቸው ናቸው። የሱዳን ዘፈንም አብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፤ የሱዳን ዘፈን ጎንደር ሠርግ ላይ፣ የኛው ደግሞ ካርቱም ሠርግ ላይ ሰው የሚያስጨፍረው አንድም ለዚህ ነው። ዓረብኛ ማቃም ግን ሌላ ዓለም ነው።

ጃፓን ውስጥ በሜጂ ዘመን ከምዕራባውያን ሙዚቃ ጋር ሲተዋወቁ አንድ መላ ያዙ። ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን መዝለል። ስሙም ይህንኑ ይላል፣ "ዮናኑኪ"፣ አራትና ሰባት የወጣለት። የትምህርት ቤት መዝሙር፣ ኋላም የሕዝብ ዘፈንና ኤንካ በብዛት የተሠራው በዚህ ነው። ታዲያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትሉ ዮናኑኪ ነው፣ ያው ራሱ የኛ ትዝታ ሜጀር ነው። ሐዘንተኛው ዮናኑኪ ደግሞ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የቆየ የጃፓን ስልት የድምፆቹ ርቀት ከአምባሰል ጋር ይገጥማል። የኦኪናዋ ደሴቶች ስልት ከባቲ ሜጀር ጋር ይገጥማል።

ይህ ዘር አይደለም፣ አንዱ ከሌላው ተማረ ማለትም አይደለም። ማሲንቆና ክራር እንደ ፒያኖ በትክክል የተቆጠረ ድምፅ አይሰጡም፣ የአጨዋወት ዘዬውም ለየቅል ነው። ግን ጆሮ በወረቀት አይሠራም። ኤንካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ ባሰማኋት ጊዜ "ይኼ የማን አገር ትዝታ ነው?" ነው ያለችኝ።

የጃፓኑ ዜማ በሊባኖስ ቃል ተለብሶ፣ በሱዳን ቴሌቪዥን አልፎ ጋላባት ሲደርስ፣ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ጆሮ አምስት ድምፅ የለመደ ነው። የሄደበት መንገድ ረጅም ነው፣ የደረሰበት ቤት ግን ብዙም አልራቀውም።

2015 ዓ.ም.፦ የተቃጠለች ፕላኔት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያ ድልድይ ሻንጣ፣ ፍራሽና ሕፃን በያዙ ሰዎች ተሞላ። መጀመሪያ የመጡት ሱዳናውያን ብቻ አልነበሩም፤ እዚያ ሲሠሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ የሌላ አገር ሰዎችም ነበሩ። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ በኩመርና በአውላላ፣ ኋላም በአፍጥጥ የስደተኛ ጣቢያዎች ተከፈቱ።

እንግዳ ተቀባይ ነበርን ብዬ ብቻ ባልፍ ውሸት ይሆናል። ክልሉ ራሱ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገባ። ጣቢያዎቹ በታጠቁ ሰዎች ተዘረፉ፣ ሰው ተገደለ፣ ታገተ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ብዙ ስደተኞች ደኅንነት አጥተው ከአውላላ ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ሌላ ጦርነት አገኘ።

በዚያ ሰሞን ከኦምዱርማን ከመጣ አንድ መምህር ጋር ተዋወቅሁ። ዕድሜው ከታላቅ ወንድሜ ይስተካከላል። ዓረብኛዬ የገበያ ነው፣ የሱ አማርኛ ገና ምንም ነው፣ ወሬያችን ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ወንድሜ መጣ። እንዴት እንደተነሳ አላስታውስም፣ ብቻ ወንድሜ በአፉ የግሬንዳይዘርን ጥሩንባ ነፋ። መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠና ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከነ ሳሚ ክላርክ ወፍራም ድምፅ፣ ዘፈነው። ሁለቱም ከአርባ በላይ ናቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ ቀስ ብሎ የተናገረውን ወንድሜ ተረጎመልኝ። "ልጅ ሆኜ" አለ፣ "ያ ልዑል ፕላኔቱ ለምን እንደተቃጠለች ጠይቄ አላውቅም። ሮቦቱን ነበር የማየው።"

"ኡስታዝ፣ እኛም" አለው ወንድሜ። ከዚያ በኋላ ስለ ካርቱን አላወሩም። መምህሩ ስለ ቤቱ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አባይ ዳር፣ ጥሏቸው ስለመጣ መጻሕፍት። ያን ቀን ነው ከሰላምታ ያለፍነው።

ዘፈኑ ጦርነት አላቆመም፣ ድንኳን አልሰጠም፣ ከዘራፊ አላዳነም። ያደረገው ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ነገር ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች እንደነበሩ አስታወሳቸው። ያ ከሌለ አንዱ "ስደተኛ" ነው፣ ሌላው "የአካባቢው ነዋሪ" ነው። በሪፖርት የሚጻፈውም እንዲያ ነው።

አሁን፦ በቀጥታ ከቶኪዮ

የታላቅ ወንድሜ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። አኒሜ የምታየው በስልክ ነው፣ በጃፓንኛ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ። የዘፋኙን ስም፣ የባንዱን ስም፣ ዘፈኑ ስንተኛ መግቢያ እንደሆነ ታውቃለች። ቃሉን እንደ ጃፓን ልጅ ትለዋለች። እኛ ያላወቅነውን ባለቤት አውቃለች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳሳኪና ሚዙኪ በኛ ዘመን ለኛ ስም አልነበራቸውም። ለሷ ግን ዘፈን የሚዘፍን ሰው አለው።

ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ዘፈኑ አሁን ከቶኪዮ ቀጥታ ወደ ስልኳ ይገባል። ቤይሩትን አያይም፣ ደማስቆን አያይም፣ በኦምዱርማን አያልፍም፣ ጋላባት ሻይ ቤት አይቀመጥም። ትርጉሙን የሚያርማት የነጋዴ ልጅ የለም። እኩያዋ የሆነች ሱዳናዊት ስደተኛ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ሰዓት፣ በሌላ ስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማው ይሆናል። ሁለቱም ጃፓንኛውን ያውቁታል፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ግን አልሰጣቸውም።

የኛ ዘፈን በየመንገዱ ሰው ስለነካው፣ ስለቀየረው፣ አንዳንዴም ስላበላሸው ነው የጎረቤት ቋንቋ ይዞልን የመጣው። የመተማ ታሪክ ሲጻፍ ይህ አንድ ገጽ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከ1881 ጎን ይቀመጥ፣ ያንን አይሽርም። ድንበሩን ማን እንዳሰመረውና ማን እንደሞተበት ተጽፏል። ማን ምን እየዘፈነ እንደተሻገረው ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ቤታችሁ ውስጥ አርባ ያለፈው የቆላ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ ልጅ ሆኖ የትኛውን ካርቱን ነበር የሚጠብቀው፣ የት ተቀምጦ፣ ከማን ልጅ ጋር። ስትጠይቁት ስልካችሁን አስቀምጡና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫኑ።